ሃያ ሁለት ዓመት የነደደ ምድጃ

ማክሰኞ፣ ጥር አሥራ አራት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። የጠርሙስ ፋብሪካው ዘበኛ የሥራ አስኪያጁን ቤት በር በሁለት እጁ ደበደበ። ቤቱ ከፋብሪካው አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ ስለሆነ መንገዱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ ዘበኛው ግን ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ ባርኔጣውን የሆነ ቦታ ጥሎ ነበር የደረሰው። በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት።

«አባትሽ...» አለ። «ጎተራው ሥር...»

በእጁ ወደ ፋብሪካው አመለከተ።

በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ ሮጠች። አባቷ የአሸዋ ጎተራው ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ጎተራው ሰባት ሜትር ቁመት ያለው የብረት ማጠራቀሚያ ነው፤ በጎኑ እስከ ጫፉ የሚያወጣ መሰላል ተበይዶበታል። ከጭንቅላቱ ኋላ የፈሰሰውን ደም አሸዋው ጠጥቶት ጥቁር ክብ ብቻ ቀርቷል። መነጽር አላደረገም። ልጅቷ ከሁሉ በፊት ያየችው ይህንን ነበር። አባቷን ያለ መነጽር አይታው ስለማታውቅ ለአንድ አፍታ «ሌላ ሰው ነው» ብላ ተስፋ አደረገች።

መነጽሩ የተገኘው በኪስ ጣሳው ውስጥ ነው።

ጣሳው መሰላሉ ሥር በምስማር የተመታ፣ የቀለም ቆርቆሮ የነበረ ዕቃ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሠራተኛ ጎተራው ጫፍ ላይ ሳለ ከኪሱ ብሎን ወድቆ ከታች የምታልፍ ሴት ትከሻ ሰበረ። ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ኪሱን እዚያ ያራግፋል። ደንቡ የትም አልተጻፈም፤ ግን የሚጥሰው የለም። ያን ቀን ጠዋት ጣሳው ውስጥ የአባቷ ቁልፎች፣ ስልኩ፣ ሰዓቱ፣ እስክሪብቶውና መነጽሩ ነበሩ።

ስለዚህ ወሬው ለማለቅ ጊዜ አልፈጀበትም። «ኪሱን አራግፎ ወጣ፤ ወጥቶ ዘለለ» ተባለ። ፋብሪካው ከከሰረ ሰንብቷል፤ ፍርድ ቤት ተቆጣጣሪ ሾሞበታል፤ መቶ አርባ ሠራተኛ ደመወዝ ካየ ስምንት ወሩ ነው። ሬሳውን የከበቡት ሠራተኞች አንገታቸውን ደፍተው «ኪሳራ ነው የገደለው» ተባባሉ። ልጅቷ ግን ከዚያ የከፋ ነገር ታውቅ ነበር። በዋዜማው እራት ላይ አባቷ ከኮቱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ «አንድ ነገር ላማክርሽ» ሲላት፣ «ስለዚህ ፋብሪካ አንድ ቃል ብሰማ ከዚህ ቤት እወጣለሁ! እናቴን እንኳ ሲቀብሯት አንተ ነዳጅ ፍለጋ ላይ ነበርክ» ብላዋለች። ወረቀቱን አጥፎ መለሰው። «ጨው ስጪኝ» አለ። የመጨረሻ ንግግራቸው ይኸው ነበር።

ራሱን ከገደለ የገፋችው እሷ ናት። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ጉሮሮዋ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መርማሪዋ መጣች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት አጭር ሴት ናት። የሸራ ጫማ አድርጋለች፤ ቦርሳዋ በትከሻዋ እንደ ተማሪ ተንጠልጥሏል። ጣቢያው ውስጥ «ወንፊት» ነው የሚሏት፤ ስሙን እሷም ታውቀዋለች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም በር ላይ ተቀበላት። የሽያጭ ኃላፊ ነው፤ ሠራተኞች «ከራቫት» ይሉታል፣ ገላውንም ሲታጠብ አያወልቅም እያሉ።

«ወንፊት እርስዎ ነዎት? ወንፊት ውሃ አይይዝም ይባላል» አለ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«ውሃውን ምን ላድርገው? እኔ የምፈልገው የሚቀረውን ጠጠር ነው።»

ከራቫት ፈገግታውን ሰበሰበ።

መርማሪዋ ሬሳው ከመነሳቱ በፊት አጠገቡ ተንበረከከች። ቁስሉን ሳይሆን እጁን አነሳች። ሁለቱንም መዳፎች ገልብጣ እያየች ቆየች። ከዚያ ተነስታ መሰላሉን በባዶ እጇ ጨበጠችና ሦስት ደረጃ ወጥታ ወረደች። መዳፏን በመሐረብ ጠርጋ መሐረቡን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከጣሳው መነጽሩን አወጣች። ማንጠልጠያው ልጅቷ ራሷ ከአረንጓዴ ክር የገመደችለት ነው።

«ተበጥሷል» አለች መርማሪዋ።

«ትናንት ማታ ደህና ነበር» አለች ልጅቷ።

«አንቺ እዚህ ምንድን ነው ሥራሽ?»

«ጠርሙስ አጣራለሁ። በመብራት ፊት ሲያልፍ እንከን ያለበትን አወጣለሁ።»

«ስታጣሪ ምኑን ነው የምታዪው?»

«ጠርሙሱን አላየውም። ብርሃኑ የሚሰናከልበትን ቦታ ነው የማየው።»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «እንግዲያው አብረሽኝ ዙሪ» አለቻት።

ያን ሌሊት በግቢው ውስጥ ያደሩት ከዘበኛው ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው። ከራቫት ቤቱን ባንክ ስለወሰደበት ቢሮው ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። ፍርድ ቤት የሾመው ተቆጣጣሪ በእንግዳ ማረፊያው አለ፤ በየበሩ ሲያሽግ ስለሚውል «ማኅተም» ብለውታል። ሦስተኛው የምድጃው አለቃ ጋሽ እሳት ነው። አባቷ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በእግሩ ገባ። ዘበኛው በር አልለቀቀም፤ ከሱ በኋላ የገባም የወጣም የለም። ሊነጋ ሲል በሩን ቆልፎ በግቢው ዞሮ ነው ሬሳውን ያገኘው።

መርማሪዋ ከራቫትን በቢሮው አነጋገረችው። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተጣጥፏል፤ መስኮቱ ላይ የጥርስ ብሩሽ በብርጭቆ ቆሟል።

«ከወንድምዎ ጋር ተስማምታችሁ ነበር?»

«መሬቱን እንሽጥና እንገላገል እለዋለሁ፤ እሱ ምድጃው ምድጃው ይላል። ለሁለት ዓመት ያወራነው ይህንኑ ነው። ወንድሜን ግን አልገደልኩም፤ ለመግደል ጉልበት ያስፈልጋል። እኔ እኮ ከከሰርኩ ወዲህ ደረጃ መውጣት ያደክመኛል።»

«መሰላልስ?»

«መሰላል አይንገሩኝ! ባለፈው ሳምንት ከዚህ ከማኅተም ጋር አሸዋ ልንለካ ጎተራው ላይ ወጥቼ ነጭ ሸሚዜ አፈር በላ። መሰላሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀለም መቀባት ነበረበት፤ ብር ከየት መጥቶ? እጄ ሁለት ቀን ሙሉ ዝገት ዝገት ሸተተ። ሰው ስጨብጥ አፍር ነበር።»

«ኪስዎን አራግፈው ነው የወጡት?»

«እንዴታ! ጣሳው ውስጥ ነዋ። ያ ሰውዬ ግን የኛን ደንብ ምን አውቆት! እስክሪብቶውን ከላይ ለቆት ዘበኛውን ለጥቂት ሳተው። ዘበኛውም 'ዕዳ ሲዘንብብን ከረመ፣ አሁን ደግሞ እስክሪብቶ' አለ።»

ልጅቷ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አባቷ ትዝ አላት፤ ሳቁም ጉሮሮዋ ውስጥ ካለው አጥንት ጋር ተጋጨ።

ማኅተም በበኩሉ ደረቅ ሰው ነው። ግቢው መሃል ቆሞ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከቦት፣ የመጣለትን ጥያቄ እንደ ደንብ እያነበበ መለሰ። በሟቹ ሕይወት ላይ ድርጅቱ የገባው ኢንሹራንስ እንዳለ የታወቀው ያኔ ነው። ሟቹ ራሱ ባዘዘው መሠረት ክፍያው በቅድሚያ ለሠራተኛው ውዝፍ ደመወዝ ይውላል።

«ታዲያ ይከፈለናላ!» አለች አንዲት ጠርሙስ አሻጊ።

«ራሱን ካጠፋ አንድ ሳንቲም አይከፈልም። ውሉ ነው።»

ከኋላ፣ ከምድጃው በር ላይ፣ የጋሽ እሳት ወፍራም ድምፅ መጣ። «አዳልጦት ቢሆንስ?»

«አደጋ ከሆነ ይከፈላል። ሰው ገድሎትም ከሆነ ይከፈላል። ማስረጃ ግን ያስፈልጋል።»

ጋሽ እሳት የቀኝ እጁን ጓንት አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀው፤ ወደ ውስጥ ገባ።

መርማሪዋ ማኅተምን ከሠራተኛው ለይታ ስትይዘው ሌላም ነገር አወጣች። ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሟቹ አንድ ሰነድ ፈርሟል። ትልቁ ምድጃ ይጠፋል፤ በምትኩ በአርባ ሰው የሚሠራ ትንሽ ምድጃ ይተከላል፤ ፍርድ ቤቱም ሆነ አበዳሪዎቹ ተስማምተዋል።

«ለምን ለሰው አልተነገረም?»

«ሐሙስ ይፋ ሊሆን ነበር። ቀድሜ ራሴ የምነግረው ሰው አለ ብሎኛል።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። የታጠፈው ወረቀት ያ ነበር። ትንሽ ቀለል ሊላት ሲል ሌላው ሐሳብ መጣ። የሚነግራት ሰው አልሰማም ቢለው ሄዶ ዘለለስ?

ወደ ምድጃው ገቡ።

ይህ ምድጃ ከተቀጣጠለ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጠፍቶ አያውቅም፤ ከጠፋ በውስጡ ያለው የቀለጠ መስታወት ይረጋና ምድጃውን ይዞ ይሞታል። ጠርሙስ ተሸጠም አልተሸጠም፣ እሑድም ሆነ በዓል፣ ነዳጅ መጠጣት አለበት። አባቷ «የነብር ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» የሚለው ስለዚህ ነበር። በደህናው ጊዜ በየፈረቃው ዘጠኝ ሰው ይቆምበታል። ኪሳራው ከመጣ ወዲህ የሌሊቱን ጋሽ እሳት ብቻውን ይዞታል።

ጋሽ እሳት ግዙፍ ሰው ነው፤ ቅንድቡን ሙቀቱ በልቶት ያለቀ። ጓንቱ እስከ ክርኑ ይደርሳል። ልጅቷን ሲያያት ትከሻው ወደቀ።

«ልጄ... መጣሽ?»

«መጣሁ ጋሼ።»

በሕፃንነቷ በትከሻው ተሸክሞ በምድጃው መስኮት እሳቱን ያሳያት ነበር። «ፀሐይን ያሰርናት እዚህ ነው» ይላት ነበር፤ አምናው ኖራለች።

«አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በዚህ አለፈ» አለ ለመርማሪዋ። «እንደምን አደርክ አለኝ፤ ሰላምታ ሰጠሁት። ወጣ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

መርማሪዋ ወለሉን አየች። ንጹሕ ነው፤ በየፈረቃው መጨረሻ ይጠረጋል። ወደ ነዳጅ ቫልቩ የሚያወጡ አራት የብረት ደረጃዎች አሉ። ከደረጃዎቹ ማዶ ግድግዳ ላይ የምድጃውን ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ ተሰቅሏል፤ ቀኑን ሙሉ በዝግታ የሚዞር ክብ ወረቀት ላይ አንዲት መርፌ በቀይ ቀለም መስመር ታሰምራለች። ያ መስመር አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ወደ ውስጥ ወድቆ ተመልሶ ወጥቷል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ነዳጁ ቆሻሻ ሆኖ ነው። ርካሹን ስንገዛ እንዲህ ያደርጋል።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ልጅቷ አላየችም። ብታይ ኖሮ ፊቷ እንደ አመድ መሆኑን ታየው ነበር፤ ወይም ታውቋት ይሆናል ያላየችው። በልጅነቷ ያን ወረቀት በየቀኑ የምትቀይረው እሷ ነበረች። ቆሻሻ ነዳጅ መርፌዋን ያንቀጠቅጣታል፤ መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ይህ ግን ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀጥ ብሎ ቆይቶ፣ ሲወጣ በአራት ደረጃ ነው የወጣው።

ብርሃኑ የተሰናከለበትን ቦታ አየችው። አልተናገረችም።

ያን ቀንም በማግስቱም አልተናገረችም። ረቡዕ ቀበሩት። ጋሽ እሳት ምድጃውን ጥሎ መምጣት ስለማይችል ለቀብር አልወጣም፤ ሁሉም ተረዳለት። ቀብር ላይ ሰው እያቀፈ ሲያጽናናት እሷ የምታስበው ሁለቱን መንገድ ነበር። ዝም ካለች አባቷ ራሱን ገዳይ ሆኖ ይቀራል፤ የገፋችውም እሷ፤ መቶ አርባ ቤትም ስምንት ወር የሠራበትን ያጣል። ከተናገረች ደግሞ ሌላውን አባቷን በገዛ አፏ ታስረዋለች። በሁለቱም በኩል በሩ ተዘግቶ ነበር።

ማታ ሲሉ የአባቷን ልብስ በፌስታል አድርገው ከሆስፒታል አመጡላት። ሹራቡን አውጥታ ፊቷን ቀበረችበት፤ በሁለት እጇ ጀርባውን እንደሚያቅፉት ሰው አቀፈችው። መዳፏን ወጋት። ጠብ ያለውን ደም እያየች መዳፏን በመብራት ፊት አደረገች። ከቆዳዋ ላይ የወጣው ከፀጉር የቀጠነ አረንጓዴ መስታወት ነው። ሠራተኞች «የምድጃ ፀጉር» ይሉታል፤ ቀልጦ ሲንጠባጠብ ነፋስ እየጎተተው ወለሉ ላይ የሚረግፍ ነው። ከምድጃው ወለል በቀር የትም የለም። የሹራቡን ጀርባ ሞልቶታል።

አባቷ የምድጃው ወለል ላይ በጀርባው ወድቆ ነበር።

ሹራቡን ይዛ ወደ ጣቢያ ሄደች። መርማሪዋ ሻይ እየጠጣች ነበር፤ ሹራቡን ተቀብላ አየችው።

«የምድጃውን ወረቀት ትናንት አይተሽዋል» አለቻት።

«አይቻለሁ።»

«እስክትናገሪ ነበር የምጠብቀው። እኔ ምድጃ አላውቅም፤ ያለ አንቺ አላነበውም ነበር።»

«ጋሼ ነው ያሳደገኝ» አለች ልጅቷ፤ ከዚያ አለቀሰች። ከሞተ ጀምሮ ያለቀሰችው ገና ያኔ ነው።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ምድጃው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ከራቫት በጥቁር ከራቫት፣ ማኅተም ከነማኅደሩ፣ ዘበኛው፣ ልጅቷ፣ በሩ ላይ ደግሞ የታጨቁት ሠራተኞች። ጋሽ እሳት ከቫልቩ አጠገብ ቆሟል። ሙቀቱ ፊት ይልጣል።

«ከእጁ እጀምራለሁ» አለች መርማሪዋ። መሐረቧን ዘረጋችው፤ መሃሉ ላይ ቡናማ የጣት ምልክት አለ። «ይህ ሦስት ደረጃ ብቻ ወጥቼ ከመሰላሉ ያመጣሁት ዝገት ነው። የሟቹ መዳፍ ላይ ይህ አልነበረም። ንጹሕ ነው፤ ጠዋት እንደታጠበው። ስለዚህ ያን ቀን መሰላሉን አልነካም። ካልነካ አልወጣም፤ ካልወጣ አልዘለለም።»

ከበሩ ላይ ማጉረምረም ተነሳ። አሻጊዋ ሴት አፏን በሻርፗ ያዘች።

«መነጽሩ ሁለተኛው ነው። ሰው መነጽሩን አውልቆ ሲያስቀምጥ ማንጠልጠያውን በራሱ ላይ ያሳልፈዋል እንጂ አይበጥሰውም። ተበጥሶ ወድቆ፣ ሌላ ሰው አንስቶት ነው ጣሳው ውስጥ የገባው። እንግዲህ ጥያቄው ሟቹን እዚያ ያስተኛው፣ ኪሱንም ያራገፈለት ማን ነው የሚለው ነው። ተቆጣጣሪው አይደሉም።»

«አመሰግናለሁ» አለ ማኅተም።

«አያመስግኑኝ፤ ያዳነዎት እስክሪብቶዎ ነው። የኪስ ጣሳውን ደንብ አያውቁትም፤ ጎተራ ላይ ስትወጡ ሳያራግፉ ነው የወጡት። ሽያጭ ኃላፊው ደግሞ ደንቡን ያውቃሉ፤ ግን በዚያው ቀን ዝገቱንም አውቀውታል። ሸሚዛቸውን ያበላሸባቸውን መሰላል ሟቹ ወጥቷል ለማስባል ቢፈልጉ ቢያንስ የሟቹን እጅ ዝገቱ ላይ ያሻሹት ነበር። ጣሳውን የሚያውቅ፣ ዝገቱን ግን የማያውቅ ሰው ነው የምፈልገው። እዚህ ቤት ብረት በባዶ እጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው አንድ ነው።»

ሁሉም ዓይን ወደ ጓንቶቹ ሄደ። ጋሽ እሳት አልተንቀሳቀሰም።

«የሟቹ ሹራብ ጀርባ በምድጃ ፀጉር ተሞልቷል። ስለዚህ የወደቀው እዚህ፣ ከነዚህ አራት ደረጃዎች ሥር ነው። እዚህ ምን ሊያደርግ መጣ? ሰኞ ምድጃውን ሊያጠፋ ፈርሟል። ቀድሞ የሚነግረው ሰው እንዳለው ለተቆጣጣሪው ተናግሯል። ልጁ ያ ሰው እሷ ራሷ መስሏት ነበር፤ እሷንም ሊያማክር ፈልጎ ነበር። ግን በማለዳ ተነስቶ የመጣው እርስዎ ዘንድ ነው፣ ጋሽ እሳት። እምቢ ሲሉት ራሱ ደረጃውን ወጥቶ ቫልቩን ዘጋው። ይኸው ወረቀቱ ላይ አለ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ። ለአሥራ አንድ ደቂቃ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሆነው ሆነ። ከዚያ ተመልሶ ተከፈተ። እንዴት እንደተከፈተ የምትናገረው ግን እኔ አይደለሁም።»

ልጅቷን አየቻት።

«በሩብ በሩብ» አለች ልጅቷ። «ነፋሱን ቀድሞ፣ ነዳጁን በኋላ፣ ሩብ ከፍቶ ጠብቆ፣ ሩብ ከፍቶ ጠብቆ። አራት ደረጃ። እንደዚያ የሚከፍት አንድ እጅ ነው ያለው። ጋሼ፣ አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

ምድጃው ብቻ ያጉረመርም ነበር።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሬሳውን በእጅ ጋሪ ገፍተው ጎተራው ሥር አደረሱ። ኪሱን አራገፉ። ወለሉን ጠረጉ። ይህን ወረቀት ቀዶ እሳት ውስጥ መጣል ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ለምን ተዉት?»

ጋሽ እሳት ወደ ወረቀቱ ዞሮ አየው። ጓንቶቹን አንድ በአንድ አወለቀና ደረጃው ላይ አስቀመጠ። እጆቹ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሕፃን እጅ የሚመስሉ ነበሩ፤ ማንም አይቷቸው አያውቅም።

«ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አልቀደድኩም» አለ። «ስለ ሰው ልዋሽ እችል ይሆናል። ስለ እሱ ግን...» በአገጩ ምድጃውን አመለከተ። «በእጄ ያዝኩት እንጂ አልመታሁትም። 'ውረድ' አልኩት። 'ጅራቱን እንልቀቀው፣ ወንድሜ፤ ሁላችንንም ሳይበላን እንልቀቀው' አለኝ። እጄን አስለቅቆ ሊዞር ሲል መነጽሩ በእጄ ቀረ፤ እሱ ወደ ኋላ ሄደ። ስሮጥለት... በሕይወት አልነበረም። ያኔ ሰው መጥራት ነበረብኝ። እኔ ግን ቀድሜ ቫልቩን ከፈትኩ።»

«እሳቱን አስቀደምክ» አለ ከራቫት። ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

«አስቀደምኩ። ከዚያማ ራሱን ነው የገደለው ቢባል ማን ይጎዳል ብዬ። እሱ አልፏል፤ እሳቱ ይኖራል ብዬ። ይኼ ሰውዬ 'አንድ ሳንቲም አይከፈልም' ሲል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እንጀራም ውሃም አልወረደልኝም። ዝም ብል የመቶ አርባ ሰው ደም፤ ብናገር እሳቱ። አንድ በር እንኳ ለራሴ አልተውኩም።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ልጄ፣ ልነግርሽ ነበር አልልሽም። አልነገርኩሽም።»

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ጠዋት ስለኔ ያለው ነገር አለ?» አለች። ሌላ የምትጠይቀው አልነበራትም።

ጋሽ እሳት ብዙ አሰበ፤ እንደ ሁልጊዜው እውነቱን ለማግኘት። «'ማታ ልጄ ተቆጥታኛለች' አለኝ። 'ተቆጣሁ ብላ እንዳታዝን ጠዋት ቁርስ ይዤላት እገባለሁ፤ ወረቀቱንም ያኔ አሳያታለሁ' አለ። እየሳቀ ነበር።»

ጉሮሮዋ ውስጥ የተሰነቀረው ነገር ያኔ ወረደ። ወርዶም አመማት።

መርማሪዋ ካቴናውን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ግን አልከፈተችውም። ጋሽ እሳት ማኅተምን ተመለከተ። «ፊርማው እንደጸና ነው?»

«ጸንቷል። ምድጃው ይጠፋል።»

«እንግዲያው እንደ ወግ ይጥፋ። ሌላ ሰው ገፍቶ እንዳይዘጋው።» ጓንቱን አንስቶ ለልጅቷ ዘረጋላት። «ክፈቺ ብዬ አስተምሬሻለሁ። መዝጋቱም ያው ነው፤ በግልባጩ።»

ጓንቱ እስከ ትከሻዋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። አራቱን ደረጃ ወጣች። እሱ ከታች፣ እጁን ኋላው አጣምሮ፣ «ሩብ... ቆዪ... ሩብ...» ይላት ነበር። ከበሩ ላይ ሠራተኞቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አራተኛውን ሩብ ስታዞረው የምድጃው ድምፅ ቆመ። አብዛኞቹ ያን ድምፅ ሰምተው የማያውቁ የሚመስላቸው ስላልተቋረጠ ነበር፤ ሲቋረጥ ሰሙት።

ኢንሹራንሱ በሰኔ ተከፈለ፤ ስምንቱም ወር ደመወዝ ተሰጠ። ትንሹ ምድጃ በቀጣዩ ዓመት ተተከለ፤ ሠላሳ ስምንት ሰው ይሠራበታል። ጋሽ እሳት ሰባት ዓመት ተፈርዶበት በአራተኛው ዓመት እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ትልቁ ምድጃ ለመቀዝቀዝ አሥራ ሦስት ቀን ፈጀበት፤ በውስጡ የረጋውን መስታወት አሥራ አንድ ሰው በመዶሻ እየሰበረ ለማውጣት ሁለት ወር ተኩል ሠራ።